ከፍል ውሃው በፊት አንድ ጥያቄ፤ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሙቅ ውሃ

የጉናን ብርድ የሚያውቅ ሰው የሙቅ ውሃን ጥቅም አስረዱኝ አይልም። ደብረ ታቦር ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል። በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖር ወገቡን የሚያመው፣ ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሰለ ወይም ሐኪም ቤት ተመላልሶ መፍትሔ ያጣ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወደ ደራ ወረዳ፣ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዳል። ከመሬት ውስጥ እየፈላ የሚወጣውን ይህን ውሃ ምዕመናን እንደ ጸበል፣ ሌላውም እንደ መድኃኒት ይጠቀሙበታል።

ፍል ውሃን መውደድ የአንድ አካባቢ ልማድ ብቻ አይደለም። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት የነበረው ፍል ውሃ ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። ሶደሬና ወንዶ ገነትም እስከ ዛሬ በርካታ ሰዎችን ያስተናግዳሉ። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ ጃኩዚ፣ ሳውናና ስቲም የሚሰጡ ሆቴሎችና ቤቶች እየበዙ መጥተዋል።

ወደ ፍል ውሃ ከሚሄዱት መካከል ግን ሁለት ዓይነት ሴቶች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አንደኛዋ መጸነሷን የምታውቅ ናት። ሁለተኛዋ መጸነሷን ገና ያላወቀች ናት። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሁለቱም ቢሆንም ይበልጥ የሚያተኩረው በሁለተኛዋ ላይ ነው። ምክንያቱም ከፍተኛ ሙቀት ጽንስን ይበልጥ የሚጎዳው እናቲቱ እርጉዝ መሆኗን እርግጠኛ ባልሆነችባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ሙቅ ውሃ በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

የጤናማ ሰው የውስጥ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሰውነታችን ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲተን ደግሞ ቆዳችን ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ላይ ስንሠራ ውለን ሙቀታችን ከልክ የማያልፈው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው እስከ አንገቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። ውሃ ውስጥ ያለ ቆዳ ላብ ቢያወጣም ላቡ አይተንም። ውሃው ከሰውነት የሚበልጥ ሙቀት ካለው ደግሞ ሙቀቱ ከውሃው ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ የውስጥ ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ጽንሱ በራሱ ማላብም ሆነ መቀዝቀዝ አይችልም። ሙቀቱን የሚያስወግደው በእናቱ ደም በኩል ነው። በዚህም ምክንያት የጽንስ ሙቀት በተለመደው ጊዜም ቢሆን ከእናቱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። እናት ስትሞቅ እርሱም አብሮ ይሞቃል፤ እርሷ ካልቀዘቀዘች እርሱ የሚቀዘቅዝበት ሌላ መንገድ የለውም።

የሕክምና ባለሙያዎች በእርግዝና ወቅት እንዳይታለፍ የሚመክሩት ገደብ 39 ዲግሪ ነው። ጃኩዚዎች ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ እንዲሞቁ ተደርገው ይያዛሉ። በፈቃደኛ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት 41 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ መቆየት ወደዚህ ገደብ ሊያደርስ እንደሚችል ታይቷል። የቤት ገንዳ ውሃ ጊዜ በገፋ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ጃኩዚም ሆነ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውሃ ግን አይቀዘቅዝም፤ አንዱን ማሽን፣ ሌላውን ምድር ያለማቋረጥ ያሞቀዋል።

ወሳኞቹ ሳምንታት

የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ነው። በጽንሱ ጀርባ ላይ ያለ ስስ ሽፋን እየታጠፈ እንደ ቱቦ ይሆንና ከላይም ከታችም ይዘጋል። ይህ ሥራ የሚጠናቀቀው ከጽንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ነው። የወር አበባዋ በየወሩ በጊዜው የሚመጣ ሴት በዚያን ጊዜ የቀረባት ገና አንድ ጊዜ ነው፤ የዘገየችው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ብዙዎች «ብርድ ይሆናል፤ ድካም ይሆናል» ብለው የሚያልፉት ጊዜ መሆኑ ነው።

ቱቦው በላይኛው በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል ሳይሟሉ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለ ሕፃን በሕይወት አይቆይም። በታችኛው በኩል ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ወይም እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ ይህም ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ እግሮቹ ሊሰንፉ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተውና ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም የሚችል ሕፃን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመና ከ22 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያካተተ ጥናት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ጃኩዚ የተጠቀሙ እናቶች እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። በሳውናና በትኩሳትም ጭማሪው ታይቷል፤ መጠኑ ግን ከጃኩዚው ያነሰ ነው።

ይህ ማለት ግን ፍል ውሃ የገባች ነፍሰ ጡር ሁሉ ችግር ያለበት ልጅ ትወልዳለች ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ሳውና የዕለት ተዕለት ልማድ በሆነባት ፊንላንድ እናቶች በእርግዝናቸውም ለአጭር ጊዜ እየገቡ ይወጣሉ፤ ይህ ችግር ግን በሀገሪቱ በብዛት አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የበርካታ ጥናቶች ግምገማም ሙቀቱ ተለክቶ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ እስከ 20 ደቂቃ የተቀመጡ ነፍሰ ጡሮች 39 ዲግሪ እንዳላለፉ አመልክቷል።

ታዲያ ለምን እንጠንቀቅ? በእነዚያ ጥናቶች ውሃው በቴርሞሜትር ተለክቷል፤ ሰዓት ተይዟል፤ ባለሙያም አጠገብ ነበር። በፍል ውሃ ዳር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ የለም። ምንጩ አጠገብ ያለው ውሃ ራቅ ብሎ ካለው ይበልጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም፤ በጠናበት ቁጥር ይበልጥ ይፈውሰኛል ብሎ ይታገሣል። ያልተለካ ሙቀትና ያልተቆጠረ ደቂቃ ሲገናኙ ነው አደጋው የሚመጣው።

ልጅ ፍለጋ ለሚሄዱ ባልና ሚስት

በአካባቢው ልማድ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። ከጥር ሠርግ በኋላ ወራት ሲቆጠሩ ቤተሰብ የሙሽራዋን ሆድ ማየት ይጀምራል። ልጅ የዘገየባት ሴት «ጸበል ግቢ» መባሏ አይቀርም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ልጅ ፍለጋ ወደ ፍል ውሃ የምትሄደው ሴት በዚያው ወር የጸነሰች ልትሆን ትችላለች። የምትለምነውን ልጅ ይዛ፣ ሳታውቅ፣ ሰባት ወይም ዐሥራ አራት ቀን ጠዋትና ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ልትነከር ትችላለች።

ስለዚህ ከውሃው በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት። ይህንን ጥያቄ እናት፣ አማት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያለ ኀፍረት ልትጠይቅ ይገባል፤ «ልጄ፣ የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?» መልሱ «ቀርቶብኛል» ወይም «አላስታውሰውም» ከሆነ ጉዞው ለጥቂት ቀን ይቆይ። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የሽንት ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን ያሳውቃል። ውጤቱ እርግዝና የለም ቢልና የወር አበባው አሁንም ካልመጣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል።

ባልየውም ቢሆን ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም። የወንድ የዘር ፍሬ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው የዘር ፍሬው ሥራውን የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ባነሰ ሙቀት በመሆኑ ነው። በሙቅ ውሃ ውስጥ አዘውትሮ መቀመጥ የወንዱን የዘር ሕዋስ ቁጥርና ጥራት ይቀንሳል። ካቆመ በኋላ ለመስተካከል ሁለት፣ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ልጅ የሚሹ ባልና ሚስት ለሱባዔ አብረው ሄደው ሁለቱም ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆዩ ከርመው ቢመለሱ የሚሹትን ነገር ራሳቸው ሊያዘገዩት ይችላሉ። መካንነት የሴቷ ብቻ ተደርጎ መታየቱም ስህተት ነው፤ አንድ ዓመት ሞክረው ያልተሳካላቸው ሁሉ ሁለቱም መመርመር አለባቸው።

ከሦስት ወር በኋላስ?

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካለፉ በኋላ የአካል አፈጣጠር ስጋቱ ይቀንሳል። ሌሎች ስጋቶች ግን ይቀጥላሉ። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የነፍሰ ጡሯ የደም ግፊት ዝቅ ይላል። ከውሃው ስትነሳ ዓይኗ ሊጨልምባት፣ ልትወድቅና ሆዷን ልትመታ ትችላለች። በድንጋይ ላይ የተሠራ፣ እርጥብና የሚያዳልጥ ቦታ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ጾማ፣ ውሃ ሳትጠጣ፣ ረጅም መንገድ በእግሯ ተጉዛ የገባች እንደሆነ ድካሙ ይደራረብባታል። የደም ማነስ ያለባት እናት ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ትዝላለች።

ሌላው ኢንፌክሽን ነው። ብዙ ሰው፣ ከእነ ቁስሉ ጭምር፣ በአንድ ውሃ ይታጠባል። ውሃው ሙቅ መሆኑ ጀርሞችን ሁሉ አይገድልም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ለብ ያለ ውሃ ይስማማቸዋል። የሽርት ውሃ የፈሰሳት፣ ደም የሚታያት ወይም የማኅፀን በር ችግር አለብሽ የተባለች እናት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለባትም። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም መንታ እርግዝና ያለባትም ሐኪሟን ሳታማክር አትግባ።

ታዲያ ነፍሰ ጡር በሙቅ ውሃ አትታጠብ?

ትታጠብ እንጂ! እቤቷ በሳፋ ወይም በባልዲ ለብ ያለ ውሃ ቀድታ ገላዋን መታጠብ ምንም ክልከላ የለበትም። ውሃው እየፈሰሰ ስለሚሄድና ቆዳዋ አየር ስለሚያገኝ የውስጥ ሙቀቷ አይጨምርም። ያበጠ እግርን ለብ ባለ ውሃ መንከር፣ የሚያም ወገብን በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ መያዝም ያሳርፋል። ፎጣው ወገብ ላይ እንጂ ሆድ ላይ አይሁን። የውሃውን ሙቀት በክርን መለካት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለሕፃን የሚሆን ሙቀት ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። እጅን የሚያቃጥል፣ ቆዳን የሚያቀላ ውሃ ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

እምነቷ ጸበል እንድትጠመቅ የሚያዛት እናትም ጸበሉን መተው የለባትም። ጸበል ጸበል የሚሆነው በሙቀቱ አይደለም። ቀድቶ አቀዝቅዞ መጠቀም፣ መረጨት ወይም ለብ ሲል ከላይ ማፍሰስ ይቻላል። ነፍሰ ጡር መሆኗን ለአጥማቂው አስቀድማ ትንገር። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። ከሁሉም በላይ በጸበል ቦታ በምትቆይበት ጊዜ የታዘዘላትን መድኃኒት አታቋርጥ፤ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮዋንም አታሳልፍ። ጸበልና ሕክምና አብረው የሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚሽር አይደሉም።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ ፍል ውሃ መሄድ ግድ የሆነባት እናት የሚከተሉትን ታስብ፦

• ከምንጩ ራቅ ባለውና ለብ ባለው ቦታ እንጂ በሚፈላው አጠገብ አትቀመጥ።
• ውሃው ከደረት በላይ አይሁን፤ ትከሻና ክንድ አየር ያግኙ።
• ከ10 ደቂቃ በላይ አትቆይ፤ ሰዓት የሚይዝላት ሰው ከአጠገቧ አይለይ።
• ከመግባቷ በፊትና ከወጣች በኋላ ንጹሕ ውሃ ትጠጣ፤ ባዶ ሆዷን አትግባ።
• ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብዙ ላብ ሲሰማት ወዲያው ትውጣ። ጥላ ሥር በግራ ጎኗ ትተኛ፤ በእርጥብ ጨርቅ ፊቷንና አንገቷን ያቀዝቅዙላት።

ጃኩዚ፣ ሳውናና ስቲም ለሚጠቀሙ የከተማ እናቶችም ምክሩ አንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይተዉት፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሐኪምዎን ያማክሩ።

ትኩሳትም ያው ሙቀት ነው

የእናትን ሙቀት ከ39 ዲግሪ በላይ የሚያደርሰው ውሃ ብቻ አይደለም። ከደጋው ወርደን ወደ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደራ ሜዳማ አካባቢዎች ስንደርስ የወባ ትኩሳት አለ። ነፍሰ ጡር ወባ ሲይዛት ትኩሳቱም በሽታውም ጽንሱን ይጎዳሉ፤ እርሷንም ለከፋ የደም ማነስ ይዳርጓታል። «ምች ነው» ብሎ በጋቢ ላይ ጋቢ ደራርቦ ማላብ፣ የፈላ ውሃ እንፋሎት ተሸፍኖ መታጠን ቀድሞውኑ የጋለውን ሰውነት ይበልጥ ያግለዋል። ነፍሰ ጡር ትኩሳት ሲሰማት ልብሷ ይቀነስላት፤ ውሃ ትጠጣ፤ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር። የወባ መድኃኒት እንደ እርግዝናው ወር ስለሚለያይ ከሌላ ሰው የተረፈ ኪኒን መዋጥ አይገባም። በአጎበር ማደርም የጽንሱን ሙቀት መጠበቅ ነው።

ትልቁ መከላከያ

ስለ ሙቀት ይህን ያህል ካልን በኋላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አለመዘጋትን ለመከላከል ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው። በሀገራችን በየሆስፒታሉ ይህ ችግር ያለባቸው ሕፃናት በብዛት የሚወለዱበት አንዱ ዋና ምክንያትም የዚህ ቫይታሚን እጥረት ነው። ለመጸነስ ያሰበች ሴት ከእርግዝናው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ አደጋውን በእጅጉ ትቀንሳለች። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት አስቀድማ ሐኪም ማማከር አለባት።

በጤና ጣቢያዎች ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው አይረን ፎሌት ኪኒን ፎሊክ አሲድ አለው። ችግሩ አብዛኞቹ እናቶች ለክትትል የሚመጡት ሆዳቸው ገፍቶ ከታየ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ቱቦው ተዘግቷል፤ ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል። ኪኒኑ ለደም ማነስ አሁንም ይጠቅማልና መውሰዱ አይቅር፤ ነገር ግን ለኅብለ ሰረሰሩ የዘገየ ነው። ስለዚህ መጸነስ ያሰቡ ሴቶች ሳይጸነስ ይጠይቁ። ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራም ፎሌት አላቸው፤ ጎመንን ብዙ ሳያበስሉ መመገብ ይመረጣል። ምግብ ብቻውን ግን ኪኒኑን አይተካም።

ሳላውቅ ገብቼ ነበር ለምትል እናት

ይህን ስታነብ «እኔ እኮ ሳልሰማ ገብቼ ነበር» የምትል እናት ልትኖር ትችላለች። አይጨነቁ፤ ራስዎንም አይውቀሱ። አንድ ጊዜ ወይም ለአጭር ጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ የገባች እናት ልጅ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል እጅግ የሰፋ ነው። በዚህ ምክንያት እርግዝናን ስለማቋረጥ ማሰብ አይገባም። ማድረግ የሚገባዎት ወደ ክትትል ቀደም ብለው መሄድ፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደገቡ ለባለሙያው መንገርና በአምስተኛው ወር ገደማ የአልትራሳውንድ ምርመራ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ የሕፃኑ ራስና ጀርባ በግልጽ ይታያል። በዞኑ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልካሉ።

ከፍል ውሃም ሆነ ከሌላ ቦታ በኋላ ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ የማይበርድ ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ «ይተወኛል» ብሎ ማደር አይገባም፤ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ዋንዛዬም ሆነ ሌላው ፍል ውሃ የትም አይሄድም። ነገ ከነገ ወዲያ፣ ልጁ ተወልዶ እናቱም አገግማ፣ ቁስሏም ድኖ ይደረስበታል። የጽንሱ 28 ቀናት ግን ካለፉ አይመለሱም። «የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስንቅ ከመቋጠሩ በፊት ይቅደም።